ከባንክ እስከ ዘውድ፦ ኢጣልያ በአልባንያ ላይ የሠራችበት የለስላሳ ኃይል ታሪክ (1925–1939)

መግቢያ

አንድ ታላቅ መንግሥት ጎረቤቱ የሆነውን ትንሽ አገር በፈቃዱ ሥር ለማድረግ ሲያስብ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በጦር ማስገደድ ነው። ሁለተኛው ግን በትምህርት ቤት፣ በብድር፣ በአማካሪ፣ በመንገድ ሥራና በወዳጅነት ውል እየተጠጉ፣ የትንሹን አገር አሳብ ቀስ በቀስ ወደ ራስ አሳብ ማዘንበል ነው። ለዚህ ለሁለተኛው መንገድ ጆሴፍ ናይ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1990 «ለስላሳ ኃይል» የሚል ስም አውጥተውለታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።)

ናይ ቃሉን ሲተረጕሙት፣ ለስላሳ ኃይል ማለት ሌላውን በማስፈራራት ወይም በገንዘብ በመደለል ሳይሆን በመማረክ እኛ የምንፈልገውን እርሱም እንዲፈልግ ማድረግ ነው ይላሉ። በዚህ ጠባብ ትርጓሜ ከሄድን ባንክና ብድር ከለስላሳ ኃይል ውጭ ይሆናሉ። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ የምናገኛቸው መንግሥታት እንዲህ ያለውን የጠራ ልዩነት ጠብቀው አልሠሩም። ትምህርት ቤቱ ከባንኩ፣ ባንኩ ከመንገዱ፣ መንገዱም ከመኮንኑ ጋር ተያይዞ የሚሄድ አንድ ሥራ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ሰፋ አድርገን፣ ጥይት ሳይተኮስ የሚደረገውን የተጽዕኖ ሥራ ሁሉ እናገባበታለን።

ለምርመራችን የመረጥነው ምሳሌ ኢጣልያ ከ1925 እስከ 1939 በአልባንያ ያደረገችው ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ መነሻም መድረሻም ያለው ስለ ሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመከታተል ይመቻል። ሁለተኛ፣ የአልባንያ ታሪክ በ1935 በጄኔቭ ከአገራችን ታሪክ ጋር በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝቷል።

የጽሑፉ ጥያቄ የሚከተለው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ገንዘብና አማካሪ ሲልክ የኖረ መንግሥት በመጨረሻው መርከብና ወታደር መላክ ለምን አስፈለገው? ለስላሳው ኃይል ተሳክቶለት ከሆነ ጦሩ ምን አስፈለገ? ካልተሳካለትስ አገሪቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት በእጁ ወደቀች?

፩. የቦታው ጠባይና የ1920 ትምህርት

አልባንያ በአድርያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ከኢጣልያ የሚለያት የኦትራንቶ መተላለፊያ በጠባቡ ስፍራ ስፋቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቭሎራን ወደብና በፊቱ ያለችውን የሳዛንን ደሴት የያዘ መንግሥት የአድርያቲክን በር ለመዝጋት ይችላል። ኢጣልያ ዓይኗን በአልባንያ ላይ ያሳረፈችበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

አልባንያ ከቱርክ መንግሥት ተለይታ ነጻነቷን ያወጀችው ኖቬምበር 28 ቀን 1912 ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1915 በሎንዶን በተደረገው የምሥጢር ውል፣ ተዋጊዎቹ ታላላቅ መንግሥታት ቭሎራንና ሳዛንን ለኢጣልያ ለመስጠት ተስማሙ። ኢጣልያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቭሎራን በወታደር ያዘች፤ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ አልወጣችም።

በ1920 የበጋ ወራት ግን የቭሎራ አካባቢ ገበሬዎች መሣሪያ አንሥተው የኢጣልያን ጦር ከበቡ። በዚያው ሰሞን በአንኮና ከተማ ወደ አልባንያ እንዲሻገሩ የታዘዙ የኢጣልያ ወታደሮች በመርከብ አንሳፈርም ብለው ዐመፁ። የሮማ መንግሥት ከሁለት ወገን ስለ ተጨነቀ ኦገስት 2 ቀን 1920 በቲራና በተደረገው ስምምነት ቭሎራን ለቀቀ፤ የሳዛንን ደሴት ብቻ አስቀረ።

ይህ ነገር ለኋላው ታሪክ መክፈቻ ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኢጣልያ በጦር ሞክራ አልሆነላትም። ተራራው አስቸጋሪ፣ ሕዝቡ መሣሪያ የለመደ፣ የራሷም ወታደር የደከመ ነበር። ይሁን እንጂ በጦር ያጣችውን በሌላ በር ለመፈለግ ጊዜ አልፈጀባትም። ኖቬምበር 9 ቀን 1921 በፓሪስ የተሰበሰበው የአምባሳደሮች ጉባኤ የአልባንያን ነጻነት ሲያጸና፣ የዚህ ነጻነት መጠበቅ ለኢጣልያ የተለየ ጥቅም ያለው ጉዳይ መሆኑን አብሮ መሰከረ። አንድ ዓመት ቀድሞ ከአገሩ የተባረረው መንግሥት አሁን የነጻነቱ ጠባቂ ተብሎ ተመለሰ።

፪. ባንኩና ብድሩ

በ1925 መጀመሪያ ላይ የአልባንያ ፕሬዚዳንት የሆኑት አህመድ ዞጉ ሥልጣን የያዙት በጠመንጃ ነው። በ1924 የሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ ምሩቅ የሆኑት ጳጳስ ፋን ኖሊ የመሠረቱትን መንግሥት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በዩጎስላቪያ ረዳትነት ገለበጡ። ሥልጣኑን ግን ባዶ ግምጃ ቤት ተከትሎት መጣ። አገሪቱ አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ነበራት። ከሕዝቡም አብዛኛው ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። የራሷ ገንዘብ ስላልነበራት በገበያው የሚዞረው የልዩ ልዩ አገር የወርቅና የብር ገንዘብ ነበር።

ከዚህ ላይ ለፍርድ መቸኰል አይገባም። የአልባንያ መንግሥት በመጀመሪያ የለመነው ኢጣልያን አልነበረም። ብድር እንዲያስገኝለት የመንግሥታትን ማኅበር ጠይቆ ነበር፤ ማኅበሩም በ1923 አንድ ሆላንዳዊ የገንዘብ አማካሪ ላከ፤ የሚጠበቀው ብድር ግን አልተገኘም። ድሀ አገር ከማኅበር ያጣውን ከጎረቤት ቢፈልግ አያስደንቅም። ጎረቤቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

በ1925 የአልባንያ ብሔራዊ ባንክ ተቋቋመ። ስሙ የአልባንያ ይሁን እንጂ አብዛኛው የአክሲዮን ገንዘብ የኢጣልያ ነበር፤ የአስተዳደሩም ጉባኤ የሚሰበሰበው በሮማ ነበር። ገንዘብ የማተም መብት የተሰጠው ለዚሁ ባንክ ነው። የገንዘቡ ዋስትና የሆነው ወርቅም የተቀመጠው በቲራና ሳይሆን በሮማ ነው። እንግዲህ አንድ የአልባንያ ገበሬ በጉን ሸጦ የሚቀበለው ወረቀት፣ ዋጋው የቆመበት ወርቅ ከባሕር ማዶ፣ መክፈቻውም በሌላ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ይህን የወርቅ ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ በመጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

ከባንኩ ጋር የአልባንያን ኤኮኖሚ ለማልማት የተባለ «ስቬያ» የሚሉት ኩባንያ ተመሠረተ። ይህም ኩባንያ ለአልባንያ መንግሥት 50 ሚሊዮን የወርቅ ፍራንክ አበደረ። ለብድሩ መያዣ የሆኑት የጉምሩክ ገቢና መንግሥት ብቻውን ከሚሸጣቸው ዕቃዎች የሚገኘው ገቢ ናቸው። ገንዘቡ በመንገድ፣ በድልድይ፣ በዱሬስ ወደብና በመሳሰለው ሥራ ላይ ዋለ። ሥራውን በኮንትራት የያዙት ግን በአብዛኛው የኢጣልያ ኩባንያዎች ነበሩ። ስለዚህ ገንዘቡ ከሮማ ወጥቶ፣ በቲራና መዝገብ አድሮ፣ ተመልሶ ወደ ሮማ ገባ፤ በአልባንያ ዘንድ የቀረው ድልድዩና ዕዳው ነው።

ድልድዩ መቅረቱን ግን መካድ አይገባም። የዱሬስ ወደብ ታድሷል። በቅሎ ብቻ ይሄድበት በነበረው ስፍራ አውቶሞቢል መሄድ ጀምሯል። ኢጣልያውያን መሐንዲሶች የነደፉት የቲራና ሰፊ አውራ ጐዳናና የሚኒስቴሮች ሕንፃዎች ዛሬም አሉ። የለስላሳ ኃይል ብርታቱም ይኸው ነው። ባዶ ማታለል ቢሆን ኖሮ ማንም አይቀበለውም ነበር። በውስጡ እውነተኛ ጥቅም ስላለ ተቀባዩ ለእምቢታ ምክንያት ያጣል።

፫. ውል፣ መኮንንና ትምህርት ቤት

ብድሩ በገባ በማግሥቱ ውሉ ተከተለ። ኖቬምበር 27 ቀን 1926 የመጀመሪያው የቲራና ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ሁለቱ መንግሥታት የአልባንያን የፖለቲካ፣ የሕግና የግዛት ሁኔታ የሚያናውጥ ነገር ሁሉ የጋራ ጥቅማቸውን የሚቃወም መሆኑን ተስማሙ። ቃሉ በጥንቃቄ ሲነበብ፣ ውሉ የሚጠብቀው የአገሪቱን ወሰን ብቻ ሳይሆን በዚያን ጊዜ የነበረውን አገዛዝ ጭምር ነው። ዞጉ ውሉን የፈለጉት ለዚህ ነበር። በዓመቱም ኖቬምበር 22 ቀን 1927 ለሃያ ዓመት የሚጸና የመከላከያ ውል ተጨመረበት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1928 ዞጉ የአልባንያውያን ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ ኢጣልያ ንግሡን በደስታ ተቀበለች።

ከዚህ ላይ አንድ አጠቃላይ ነገር እንማራለን። ታላቁ መንግሥት በትንሹ አገር ውስጥ የሚሠራ ለስላሳ ኃይል እንዲኖረው፣ ከውስጥ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። ንጉሥ ዞግ ሞኝ አልነበሩም፤ የኢጣልያንም አሳብ ያውቁ ነበር። ነገር ግን በጎሣ አለቆችና በስደተኛ ተቃዋሚዎች መካከል ዙፋናቸውን ለማቆም ደመወዙ በጊዜው የሚከፈለው ሠራዊትና ሹም ያስፈልጋቸው ነበር። ይህን የሚከፍል ገንዘብ የሚገኘው ከሮማ ነው። የአገሩ ችግርና የንጉሡ ችግር አንድ ላይ ስለ ተቋጠሩ፣ አንዱን ከሌላው ፈትቶ ማየት አልተቻለም።

የአልባንያን ሠራዊት የሚያሠለጥነው በጄኔራል አልቤርቶ ፓሪያኒ የሚመራ የኢጣልያ የጦር ልዑክ ሆነ። መኮንኖቹ ስልቱን ሲያስተምሩ የሠራዊቱን ቍጥር፣ መሣሪያና ድክመት አብረው አወቁ። የንጉሥ ዞግ ብልሃት ግን በአንድ ነገር ላይ ታየ። የገጠሩን ጸጥታ የሚጠብቀውን ጀንዳርማ ለኢጣልያውያን አልሰጡም፤ በእንግሊዛዊው ጄኔራል ጆስሊን ፐርሲ ለሚመሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ሰጡት። የዚህ ጥቅሙ ከጊዜ በኋላ ታይቷል።

በትምህርት በኩል ኢጣልያ ብቻዋን አልነበረችም። በሰሜን አልባንያ በሽኮድራ አካባቢ ባሉት ካቶሊኮች ዘንድ አውስትሪያና ኢጣልያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምረው በትምህርት ቤት ይፎካከሩ ነበር። ፈረንሳዮች በ1917 በኮርቻ ሊሴ ከፍተዋል። አሜሪካውያን በ1921 በቲራና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። የኢጣልያ ትምህርት ቤቶችና ወደ ኢጣልያ የሚልኩ የትምህርት ዕርዳታዎች ቍጥራቸው እየጨመረ ሄደ። ሆኖም የትምህርት ቤት ፍሬ እንደ ባንክ ወለድ አስቀድሞ አይታወቅም። የኮርቻው የፈረንሳይ ሊሴ ተማሪ የነበረውና የመንግሥት ዕርዳታ አግኝቶ ወደ ፈረንሳይ አገር የሄደው ኤንቨር ሆጃ፣ የኋላ ኋላ የኮሙኒስት መንግሥት መሪ ሆኖ አልባንያን ከምዕራቡ ዓለም ለይቶ ዘግቷታል። የተማሪው ልብ ትምህርት ቤቱን ከከፈተለት አገር ጋር መሄዱ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

፬. እምቢታና ዋጋው

የዓለም የንግድ ውድቀት አልባንያን ሲደርስባት ኢጣልያ በ1931 ሌላ ብድር ሰጠች። መጠኑ 100 ሚሊዮን የወርቅ ፍራንክ፣ ወለድ የሌለው፣ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን እየተቈረጠ በአሥር ዓመት የሚከፈል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ ቸርነት የለም። ነገር ግን በየዓመቱ የሚሰጥ ገንዘብ በየዓመቱ ሊከለከል የሚችል ገንዘብ ነው። ብድሩ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ኖሮ ባለዕዳ ያደርግ ነበር፤ በየዓመቱ መሰጠቱ ግን ደጅ ጠኚ አደረገ።

ንጉሥ ዞግ ይህን አውቀው በዚያው ዓመት ጊዜው ያለቀውን የመጀመሪያውን የቲራና ውል አላድስም አሉ። በ1932 እና በ1933 አልባንያ የስቬያን ብድር ወለድ መክፈል ሲያቅታት ሮማ የልቧን ተናገረች። የጠየቀችውም ይህ ነው፦ የጀንዳርማው አዛዦች ኢጣልያውያን ይሁኑ፤ የሁለቱ አገሮች ጉምሩክ አንድ ይሁን፤ የስኳር፣ የቴሌግራፍና የኤሌክትሪክ ሥራ ለኢጣልያ ይሰጥ፤ የኢጣልያ ቋንቋ በትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሰጥ፤ ኢጣልያውያን ሰፋሪዎች ይግቡ።

መልሱ እምቢ የሚል ሆነ። ንጉሡ የመንግሥቱን ወጪ በመቶ 30 ቀነሱ፤ የኢጣልያን የጦር አማካሪዎች አሰናበቱ፤ በ1933 የውጭ አገርና የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ መንግሥት አዞሩ። ከዩጎስላቪያና ከግሪክም ጋር የንግድ ውል አደረጉ። ሙሶሊኒ የገንዘቡን ክፍያ አቋረጠ፤ በጁን ወር 1934 የጦር መርከቦቹን በዱሬስ ፊት አሰለፈ። አልባንያውያን መርከበኞቹ ያለ መሣሪያ ካልሆነ በስተቀር እንዳይወርዱ ስለ ከለከሉ ማስፈራራቱ ሳይሠራ ቀረ።

የትምህርት ቤቱ አዋጅ ግን ያልታሰበ ጠላት አመጣ። አዋጁ የተጣለው በኢጣልያ ትምህርት ቤቶች ላይ ብቻ ስላልነበረ፣ በደቡብ የሚኖሩት የግሪክ ተወላጆች ትምህርት ቤቶች አብረው ተዘጉ። ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1935 የአልባንያ መንግሥት ሥራ ከገባበት ግዴታ ጋር የማይስማማ ነው ተባለ። አንድን ጉልበተኛ ለመከላከል የተሠራው አጥር የራስን ሰው ዘጋ።

የእምቢታው ዋጋ ከዚህም በላይ ነበር። ለሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ጠፋ። ዩጎስላቪያና ግሪክ ከኢጣልያ የሚቀረውን ገንዘብ የሚተኩ አልነበሩም። በ1935 ሙሶሊኒ ፊቱን መልሶ 3 ሚሊዮን የወርቅ ፍራንክ በስጦታ ላከ፤ በማርች 1936 አዲስ ስምምነት ተፈረመ፤ ብድሩ ቀጠለ፤ አማካሪዎቹ ተመለሱ። ንጉሥ ዞግ አንዱን ጥያቄ ለብቻው እምቢ ማለት ችለው ነበር። ጥያቄዎቹ ሁሉ ከተሰበሰቡበት ከዕዳው ግን ማምለጥ አልቻሉም።

፭. ጄኔቭ፣ ኦክቶበር 1935

ኢጣልያ ከአገራችን ጋርም በዚያው ዘመን በዚሁ ስልት ትሠራ እንደ ነበር አንባቢ ሳያስታውስ አይቀርም። ኦገስት 2 ቀን 1928 ከኢትዮጵያ ጋር ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራርማለች፤ ከውሉም ጋር ከአሰብ እስከ ደሴ የሚደርስ የመኪና መንገድ ስምምነት ነበር። መንገዱ እንደ ስምምነቱ ሳይፈጸም ቀረ። በኢትዮጵያ ዘንድ ባንኩም ዕዳውም እንደ አልባንያ በሮማ እጅ አልገቡም ነበርና፣ በውልና በመንገድ የተሞከረው በዚህ በኩል ሥር አልያዘም። ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ በጄኔቭ ተሰብስቦ ሃምሳ ያህል መንግሥታት ኢጣልያ ወራሪ መሆኗን ተቀብለው በንግድ ሊቀጧት ሲስማሙ፣ ሦስት አገሮች ተለዩ። እነርሱም አውስትሪያ፣ ሃንጋሪና አልባንያ ናቸው።

ይህን ነገር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሲያነበው ቢቈጣ አይፈረድበትም። ሆኖም የታሪክ ተማሪ ከቍጣው አልፎ መጠየቅ አለበት። አልባንያ ለኢጣልያ ፍቅር አድሮባት አልነበረም፤ ከዓመት ከጥቂት ወራት በፊት የጦር መርከብ ከደጇ ቆሞ አይታለች። የ3 ሚሊዮኑ ስጦታ ድምፅዋን ገዛው ብለን ለመደምደምም አንደፍርም። የምናውቀው ይህ ነው፦ ንግዷ በአብዛኛው ከኢጣልያ ጋር ነበር፤ ገንዘቧን የሚያትመው ባንክ ጉባኤው በሮማ ነበር፤ የመከላከያ ውሉም ገና ጸንቶ ነበር። ኢጣልያን በንግድ እቀጣለሁ የሚል የአልባንያ ሚኒስትር መጀመሪያ የሚቀጣው የራሱን ግምጃ ቤት ነው። ስለዚህ ለስላሳው ኃይል ሥራውን የሠራው በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በፊት በባንኩ መዝገብ ላይ ነው።

የነገሩ ምፀት ግን ከዚህ ይጀምራል። አልባንያ ራሷ ከማኅበሩ አባሎች መካከል እጅግ ትንሽ ከሆኑት አንዷ ነበረች። ትንሽ አገር የምትጠበቀው ትንሽ አገር እንዳይጠቃ በሚያግደው ሕግ ነው። በ1935 ያ ሕግ በኢትዮጵያ ላይ ሲሰበር፣ የአልባንያም አጥር አብሮ ተነቀለ።

፮. ኤፕሪል 7 ቀን 1939

ከ1936 በኋላ በኢጣልያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተሾመው ጋሌያዞ ቻኖ አልባንያን ፈጽሞ መያዝ ያስብ ነበር። ኤፕሪል 27 ቀን 1938 ንጉሥ ዞግ የሃንጋሪ ተወላጅ የሆኑትን ጄራልዲን አፖኒን ሲያገቡ ከጋብቻው ምስክሮች አንዱ ይኸው ቻኖ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 1939፣ ሮማ አገሪቱን በሞግዚትነት የሚያስገባ የውል ረቂቅ በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መልክ አቀረበች። ንጉሡ አልፈርምም አሉ። ኤፕሪል 7 ቀን የኢጣልያ ጦር በዱሬስ፣ በቭሎራ፣ በሳራንዳና በሸንጂን ወረደ። ንጉሡና ንግሥቲቱ ከተወለደ ሁለት ቀን ከሆነው ልጃቸው ጋር ወደ ግሪክ አገር ተሰደዱ።

በኢጣልያ መኮንኖች የሠለጠነው ሠራዊት እንደ ሠራዊት ቆሞ አልተዋጋም። በዱሬስ ወደብ ለጥቂት ሰዓት የተዋጉትን የመራው አባዝ ኩፒ የጀንዳርማ መኮንን ነበር፤ ከእርሱም ጋር ሙዮ ኡልቺናኩ የተባለው የባሕር ኃይል ሰው በመትረየስ ሲዋጋ ወደቀ። ንጉሥ ዞግ ከኢጣልያ እጅ ለይተው ያቆዩት አንዱ ተቋም በችግር ቀን ከተነሡት ውስጥ መገኘቱ በአጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ኤፕሪል 12 ቀን በቲራና የተሰበሰበ ጉባኤ የአልባንያን ዘውድ ለቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ አቀረበ። ይህ ንጉሥ በሜይ 1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብሎ ያወጀው ሰው ነው። በ1932 ንጉሥ ዞግ እምቢ ያሉት የጉምሩክ አንድነት በዚያው ወር ውስጥ ተፈጸመ። ሠራዊቱ ከኢጣልያ ሠራዊት ጋር ተቀላቀለ፤ የአልባንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ተዘጋ። ለሃያ ዓመት ይጸናል የተባለው የ1927 ውል ዐሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይፈጽም፣ ከኢትዮጵያ ጋር የተደረገው የ1928 ውልም ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በፈራሚው በራሱ እጅ ተቀደዱ።

መደምደሚያ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ለስላሳው ኃይል ተሳካ ወይስ አልተሳካም?

መልሳችን ሁለት ክፍል አለው። ተቋሞችን በመያዝ በኩል ተሳክቶለታል። ባንኩ፣ ጉምሩኩ፣ ወደቡና ሠራዊቱ ከ1939 በፊት ሥራቸው ከኢጣልያ ፈቃድ ጋር ስለ ተሳሰረ፣ ጦሩ ሲመጣ የሚቋቋመው መንግሥት ባዶ ቤት ሆኖ ተገኘ። የሕዝቡንና የንጉሡን ፈቃድ በማግኘት በኩል ግን አልተሳካለትም። ፈቃዱ ተገኝቶ ቢሆን ጦር ባላስፈለገ ነበር። በኖቬምበር 28 ቀን 1939 የነጻነት በዓል ተማሪዎች በሰልፍ መውጣታቸው፣ ከዚያም በኋላ በተራራው የዐርበኝነት ጦርነት መቀጣጠሉ ይህንኑ ያስረዳል። እንግዲህ ጦሩ የመጣው ለስላሳው ኃይል ሊሰጥ የማይችለውን ለመውሰድ ነው፤ በቀላሉ የገባው ግን ለስላሳው ኃይል በከፈተለት በር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ከዚህም የተነሣ ትንሽ አገር የውጭ ዕርዳታን ሁሉ ይሽሽ ለማለት አይደለም። ድልድይ የሌለው አገር ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ትምህርት ቤት የሌለውም ትምህርት ቤት። የእንግሊዝ መኮንኖች፣ የፈረንሳይ ሊሴና የአሜሪካ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት እንዲሁ የውጭ ተጽዕኖ ነበሩ፤ አገሪቱን ግን አላስያዟትም። ልዩነቱ ያለው በሰጪው ፈገግታ ላይ ሳይሆን በውሉ አንቀጾች ላይ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? ጉባኤው የሚቀመጠው የት ነው? ስጦታው ሲቋረጥ ተቀባዩ ቆሞ መሄድ ይችላልን? አንድ ወዳጅ ብቻ ነው ያለው ወይስ ብዙ? ዕርዳታ የሚመዘነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ከላይ አስታውሱት ያልነው ወርቅ ይህን በግልጽ ያሳያል። በሮማ ተቀምጦ የነበረውን የአልባንያ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ፣ 2,338 ኪሎ ግራም ያህል፣ በ1943 የጀርመን ጦር ከሮማ ዘርፎ ወሰደው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አልባንያ፣ ኢጣልያና እንግሊዝ፣ ሁሉም በየበኩላቸው፣ ይገባናል አሉ፤ ኢጣልያ የጠየቀችው አብዛኛው አክሲዮን የእኔ ነበር በማለት ነው። ነገሩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1954 ፍርድ ቤቱ አልባንያ ባልቀረበችበት ልፈርድ አልችልም አለ። አልባንያ ከወርቁ ተከፍሎ የደረሳትን የተቀበለችው በ1996 ነው።

በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንጉሥ ዞግም በስደት ሞተዋል፤ በወረራው ቀን የሁለት ቀን ሕፃን የነበረው ልጃቸውም የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ሆኗል። የኢጣልያ ጦር በአልባንያ ምድር የቈየው አራት ዓመት ከመንፈቅ አይበልጥም። በ1925 በፊርማ የሄደው ወርቅ ግን ለመመለስ ሰባ አንድ ዓመት ፈጀበት።